«ሻቢ» ማንን ይሰድባል?

ባለፈው ወር አንድ የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ ለእንግሊዝኛ ትምህርት የጻፈውን ድርሰት እንዳይለት ሰጠኝ። የጻፈው አባቱ ከገጠር ሊጠይቁት ስለ መጡበት ቀን ነው። ድርሰቱ መልካም ነበር። ነገር ግን አባትዮው ከአውቶቡስ ሲወርዱ እንዴት እንደ ነበሩ በሚናገርበት ላይ «ሻቢ» የሚል ቃል ገብቶበታል። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ብጠይቀው «ጎስቋላ ማለቴ ነው፤ ጋቢያቸው ያለቀ፥ አቧራ የለበሱ። መዝገበ ቃላቱም እንዲሁ ይላል» አለኝ። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። እኔ ግን ቃሉ ለአባት አይሆንም ብዬ ተከራከርሁ። ክርክሩ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ስለ ጠፋ ተቋርጧልና፥ የቀረውን እዚህ ልጨርሰው።

«ሻቢ» የወጣው «ሻብ» ከሚባል አሮጌ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። «ሻብ» እከክ ማለት ነው፤ ዛሬ እንግሊዞች ለቁስል ቅርፊት የሚሉት «ስካብ» ከስካንዲናቪያ የመጣ ወንድሙ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት «ሻቢ» ብቅ አለና ልብሱ ያለቀበት ሰው ይጠራበት ጀመር። እንግዲህ ቃሉን ከነዘሩ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «እከካም» ነው። ይህ በእኛ ዘንድ ስድብ መሆኑን ለማስረዳት ምስክር መጥራት አያስፈልገኝም። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት፥ በወሬና በተራ ጽሑፍ ሾልኮ የገባ፥ ቋንቋው ሊቀበለው የማይገባ ቃል ነው ብሎ ነቅፎታል። ቃሉ ግን የጆንሰንን ፈቃድ አልጠበቀም።

ጓደኛዬ መልስ ነበረው። «ዛሬ ሻቢ የሚል እንግሊዛዊ እከክ ትዝ ይለዋልን? የቃሉ አያት ሞቶ ተቀብሯል» አለ። እውነት ነው፤ ትዝ አይለውም። ነገር ግን እከኩ ተረስቶ ንቀቱ ቀርቷል። ወዳጁን የከዳ፥ ውለታ የበላ ሰው የሠራውን ሥራ እንግሊዞች ምን ይሉታል? ያንኑ «ሻቢ» ይሉታል። ከቆዳ በሽታ ወደ ድኻ ልብስ፥ ከድኻ ልብስ ወደ ክፉ ጠባይ! የእኛ «ጎስቋላ» የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ጎስቋላ ስንል አንዳች ነገር እንደ ደረሰበት፥ እንደ ተጎሳቆለ እናስባለን፤ ከንፈራችንንም እንመጣለን።

የእንግሊዞች ቃል ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። «አንኬምፕት» ማበጠር ከሚለው አሮጌ ግሥ የወጣ ሲሆን ያልተበጠረ ማለት ብቻ ነው። ባለቅኔው ስፔንሰር በ1579 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእረኞች ግጥም ውስጥ አንዱ እረኛ የገዛ ግጥሙን በዚህ ቃል ይጠራዋል፤ እኛ «ዝርክርክ አሠራር» እንደምንለው መሆኑ ነው። «ዲሼቨልድ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጠጕሩ የተለቀቀ ማለት ነው። ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህን ቃል የሰጠው የኃጢአት ማስተሰረያ ወረቀት እየሸጠ ለሚዞር ሰው ነው። ሰውዬው ጠጕሩን ለቆ የሚጋልበው አዲሱ ፋሽን መስሎት ነበር፤ የጎፈሬ ወዳጆች ልብ ይበሉ። «ስክራፊ» ግን ከፎረፎር የተወለደ ስለ ሆነ የሻቢ ወገን ነው።

በመጨረሻ ጓደኛዬ ተናደደና «እንግዲያስ ለጎስቋላ የሚሆን እንግሊዝኛ አንተ ስጠኛ!» አለኝ። አሰብሁ፤ አንድ ቃል አላገኘሁለትም። ያየኸውን ጻፈው አልሁት። በማግሥቱ ቃሉን ሰርዞ በምትኩ አራት መስመር አገባበት፦ የጋቢያቸው ጥለት መተርተሩን፥ አቧራው እስከ ጉልበታቸው መድረሱን፥ ለእርሱ የያዙት የዳቦ ቆሎ ስልቻ ግን በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ እንደ ነበረ።

መምህሩ ድርሰቱ ከተወሰነው በላይ ረዝሟል ብለው ሁለት ማርክ ቀነሱበት።