የመግሪብ ጥድፊያና የአምቡላንስ መንገድ

ከዐስር ሰላት በኋላ መጋላ መልኳ ይቀየራል። ቀፊራ ገበያ ዙሪያ ሳምቡሳ የሚጠብሱ እናቶች፣ ቴምርና ሐብሐብ የደረደሩ ነጋዴዎች፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያዞሩ ልጆች መንገዱን ከሁለት ወገን ያጠቡታል። ባጃጁ በመሐል ይሽሎከሎካል፤ የቤት መኪናው ክላክሱን ይነፋል፤ ጋሪውም ድርሻውን ይወስዳል። ፀሐይዋ ባዘቀዘቀች ቁጥር ሁሉም ሰው አንድ ሐሳብ ብቻ ይይዛል፤ አዛን ሳይል ቤት መድረስ። በዚህ ሰዓት የአምቡላንስ ጩኸት ሲሰማ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥቂቱ ዳር ይይዛል። ብዙው በስፖኪዮ አይቶት መንገዱን ይቀጥላል። አንዳንዱ ደግሞ ለአምቡላንሱ በተከፈተው ክፍተት ገብቶ ከኋላው ተለጥፎ ይነዳል፤ ሌላው የለቀቀለትን መንገድ ለራሱ ያደርገዋል።

ስለ ምላስና ስለ ዓይን ጾም በየምሽቱ ይነገራል። መሪ ስለጨበጠ እጅም ሊነገር ይገባል። በተለይ ለጥድፊያው የሚሰጠው ምክንያት ከሃይማኖት የተወሰደ ሲሆን ዝም ማለት አይቻልም። «ኢፍጣርን ማፋጠን ሱና ነው» ይሉናል። እውነት ነው፣ ሱና ነው። ሱናው የሚፈጸመው ግን ፀሐይ መግባቷ ሲረጋገጥ ባሉበት ቦታ ቴምር በመቅመስ፣ ቴምር ከጠፋ ውሃ በመጎንጨት ነው። ከልጆች ጋር ማዕድ መቅረብ የሚወደድ ነገር ቢሆንም ማንም ዓሊም የሱናው መስፈርት አድርጎ አልጻፈውም። ሦስት ቴምርና አንድ ኮዳ ውሃ በመኪናው ውስጥ ያስቀመጠ ሹፌር ዳር ይዞ እንደቆመ ሱናውን ይፈጽመዋል፤ አምቡላንሱም ያልፋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻው ሐጅ፣ በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ከዐረፋ ሲነሱ ከኋላቸው የግመል ግርፊያና የሰው ጩኸት ሰሙ። ሕዝቡ ወደ ሙዝደሊፋ ይጣደፍ ነበር። በአለንጋቸው እያመለከቱ እንዲረጋጉ አዘዙ፤ በጎነት በመሮጥ እንደማይገኝም ነገሯቸው። ኢብኑ ዐባስ ያስተላለፉት ይህ ሐዲሥ በቡኻሪ ውስጥ ይገኛል። ሰዓቱን ልብ በሉ፤ የመግሪብ ሰዓት ነበር። የሚጣደፉትም ወደ ዒባዳ ነበር። እንዲያም ሆኖ ተገሠጹ።

የፊቅህ ሰዎችም ጉዳዩን ሩቅ ወስደውታል። በእኛ በሻፊዒዮች ዘንድ ትልቅ ስፍራ ያላቸው፣ በ660 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ዒዝ ኢብኑ ዐብዱሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው ሊሰምጡ የደረሱ ሰዎችን ማዳን ሰላትን በወቅቱ ከመስገድ እንደሚቀድም ያስረዳሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ሰላቱ በቀዷ ይተካል፤ የሰመጠ ሰው ግን አይተካም። በረመዳንም ጾመኛው ሳያፈጥር ሊያድነው የማይችለው ሰው ሲሰምጥ ካየ አፍጥሮ እንዲያድነው ይላሉ። እንግዲህ ለነፍስ ሲባል ፈርዱ ሰላትና ፈርዱ ጾም እንኳ የሚቆዩ ከሆነ፣ ትኩስ ሾርባ ለአንድ ደቂቃ የማይቆይበት ምክንያት ምንድን ነው? የሱረቱል ማኢዳ 32ኛ አንቀጽም አንዲትን ነፍስ ሕያው ያደረገን ሰው ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርገው የማያውቅ ቤት በመካከላችን ያለ አይመስለንም።

አንድ ደቂቃ ስንል ቀልድ አይደለም። ልቡ በድንገት ቀጥ ያለ ሰው አንጎሉ መጎዳት የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከወለደች በኋላ ብርቱ ደም የሚፈስሳት ጤነኛ እናት ሕክምና ካላገኘች በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዓመታት በፊት በየወረዳው አምቡላንስ ያከፋፈለውም በዋነኛነት ለእንዲህ ያሉ እናቶች ነበር። በረመዳን ደግሞ የራሱ አደጋ አለ። መድኃኒት እየወሰደ የሚጾም የስኳር ታማሚ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ይህም የሚያሰጋው ከኢፍጣር በፊት ባሉት ሰዓታት፣ መንገዱ በሚጨናነቅበት ጊዜ ጭምር ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲያወርድ የዋለ ወዛደርም አለ። በአምቡላንሱ ውስጥ ያለው የእኛው ጾመኛ ሊሆን ይችላል ለማለት ነው። ባይሆንም ሐቁ አይቀንስም።

የከተማችን አቀማመጥም አይረዳንም። ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚሻገር ሁሉ በጥቂት ማቋረጫዎች ላይ ይጠራቀማል። አሸዋው ደረቅ ሲሆን በወንዙ ሆድ የሚያቋርጥ አይጠፋም፤ ውሃው ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት አይተናል፤ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ደግሞ የከተማው ብቻ አይደለም፤ ከዙሪያው የኦሮሚያና የሶማሌ ወረዳዎች የሚመጡ ሕሙማንም የሚደርሱበት ነው። ያቺ አምቡላንስ ከተማ ከመግባቷ በፊት የአንድና የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዛ ሊሆን ይችላል። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ሳምቡሳ ለመግዛት በቆመ ባጃጅ ስትያዝ ማየት ያሳፍራል።

ይህች ከተማ ቅድሚያ መስጠትን የማታውቅ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ፊሽካው ሲሰማ ግመል ነጂውም ጋሪ ነጂውም ይቆም ነበር። እርግጥ ባቡሩን ያስቀደምነው ስለምንፈራው ነው፤ ካልቆምክለት ይጨፈልቅሃል። አምቡላንስ አይጨፈልቅም፤ ይለምናል። ለሚለምን መቆም የሚከብደን ለምን እንደሆነ እያንዳንዱ ቤተሰብ በኢፍጣር ማዕዱ ላይ ቢነጋገርበት ደስ ይለናል።

አንድ ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሳል። «ባዶውን ነው የሚጮኸው፤ ሹፌሩ ለራሱ ኢፍጣር ነው የሚሮጠው፤ አምቡላንስ ጫት ሲጭንም ታይቷል» ይባላል። አምቡላንስን ያለ ቦታው የሚጠቀም ሰው ካለ የሕዝብን አማና የበላ ነው፤ በአላህም በሕግም ፊት ይጠየቅ። የታርጋ ቁጥሩን ይዞ ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን መሪ ላይ ያለ ሰው በዝግ በር ውስጥ ያለውን አያይም። ባዶ የመሰለንም አምቡላንስ ሰው ሊያነሳ እየሄደ ይሆናል፤ አንድ ቤት በር ላይ እየተጠበቀ ይሆናል። በግምት ተነሥቶ መንገድ መዝጋት መጥፎ ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬው እንኳ ዘጠኝ ጊዜ ልክ ሆኖ በአሥረኛው ሰው ቢሞት ምን ይመለሳል? የአምቡላንስ ሹፌሮችንም አንድ ነገር እንጠይቃቸዋለን፤ ሳይረን መንገድ ያስከፍታል እንጂ በእግረኛ መሐል እንደፈለጉ ለመብረር ፈቃድ አይሰጥም። ብዙዎቹ በዚህ ወር መሪ እንደያዙ የሚያፈጥሩ መሆናቸውን ግን አንዘንጋ። አላህ አጅራቸውን ያብዛ።

የአገራችን የትራፊክ ደንብ ለአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ ቅድሚያ መስጠትን ያዛል፤ የእሳት አደጋ መኪናም በዚሁ ውስጥ ነው። አሠራሩም ከባድ አይደለም። ድምፁን ስትሰሙ ፍሬን በድንገት አትርገጡ፤ የቀኝ ፍሬቻ አሳይታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙና ቁሙ። በመስቀለኛ መንገድ ወይም በድልድይ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ አልፋችሁ ውጡ፤ እዚያው መቆም መንገዱን መዝጋት ነው። አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላ ተከትሎት ሊመጣ ስለሚችል ወዲያው አትግቡ። በጀርመን አገር በአውራ ጎዳና ላይ መኪና መጨናነቅ ሲጀምር፣ ሳይረን ከመሰማቱም በፊት፣ የግራው መስመር ወደ ግራ፣ የቀረው ወደ ቀኝ ተጠግቶ በመሐል መተላለፊያ እንዲተው ሕጉ ያስገድዳል። የእኛ መንገድ ያን ያህል ስፋት የለውም፤ ልባችን ግን ለዚህ አይጠብም።

ቤት ያለው ሰውም ድርሻ አለው። በመጋላም ሆነ በገንደ ቆሬ ጠባብ መተላለፊያዎች ቤት በቁጥር አይገኝም። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ የጠራ ቤተሰብ፣ አንድ ጎረምሳ ወደ አስፋልቱ ልኮ ጥግ ላይ ባትሪ ይዞ እንዲጠብቅ ያድርግ፤ ሌላው በመግቢያው ላይ የቆመውን ባጃጅና የተዘረጋውን ዕቃ ያስነሳ። ጎረቤት በሙሉ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ከማልቀስ ይህ ይበልጣል።

የመጨረሻው ጉዳይ የራሳችን ደጃፍ ነው። በተራዊሕ ሰዓት መስጂዶቻችን ፊት ለፊት ያለውን መንገድ እዩት። መኪና በመኪና ላይ፣ ባጃጅ በባጃጅ ላይ ይደረባል፤ ባለቤቱ ሱጁድ ላይ ነው፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ከመንገድ ላይ የሚያውክን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን እየሰማን፣ የሚያውከው ነገር የእኛው መኪና ሲሆን ሰላቱ የሚያጸድቀው አይደለም። ጎረቤት ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር በስንት ረከዓ መሐል ታርጋ እየተጠራ ሰው ይፈለጋል? በእግር መምጣት የሚችል በእግሩ ይምጣ፤ እርምጃውም ይጻፍለታል። መኪና ይዞ የሚመጣ ከዋናው መንገድ ወዲያ አርቆ ያቁም፣ ስልክ ቁጥሩንም በመስታወቱ ላይ ይተው። በየመስጂዱ በር ጫማ የሚጠብቁ ልጆች አሉን፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ መንገዱን የሚጠብቁ ሁለት ወጣቶች ለመጨመር የትኛውም ኮሚቴ ስብሰባ መጥራት አያስፈልገውም።