«ቃሊቲ ብርድ ነው፣ ወባ የለም» ያለህ ማነው?

ወገኔ፣ ፌስታል አንጠልጥለህ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለጥየቃ የምትሰለፍ ከሆነ ይህቺ ጽሑፍ ላንተ ናት።

ወንድምህ «ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል» ሲልህ ምን ትለዋለህ? «የቃሊቲ ብርድ ነው» ብለህ ጋቢ ታቀብለዋለህ። እኔም ብያለሁ። ግን እስኪ ጠይቀው፤ ከመታሰሩ በፊት የት ነበር? መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወይም ደንቢያ ካለህ ጉንፋን ነው ብለህ አትሸኘው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። ቆላን ከለቀቀ ግማሽ ዓመት የሆነው ሰው፣ እዚህ አንዲት ትንኝ ሳትነድፈው ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ስለዚህ «ደሜን መርምሩኝ፣ ቆላ ነበርኩ» ይበል። ሁለተኛዋን ቃል እንዳይረሳት! አዲስ አበባ ላይ ወባን ቶሎ የሚጠረጥር የለም። ሰው የተረፈውን ኪኒን ይዘህለት አትሂድ። ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው፤ እሱ ደግሞ ለሁሉም ስለማይስማማ ሐኪም ይዘዘው።

አብረውት የሚተኙት ግን አይሽሹት። ወባ በትንፋሽም በማዕድም አይተላለፍም። ሴቷ አኖፌለስ ከታመመው ደም ትመጣለች፤ ተዋሲያኑ ሆዷ ውስጥ አስር ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይዘገያል፤ ከዚያ ነው ወደ ሌላው የምታስተላልፈው። (አገር ቤት «እሸት በቆሎ ወባ ያመጣል» ይባላል። መብላቱ አያመጣም፤ የበቆሎው ብናኝ ኩሬ ላይ ሲወድቅ ግን የትንኟ እጭ ይመገበዋል። አባቶች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።)

«ትንኟ እዚህ የለችም» እንዳትለኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አቃቂ ከተማና ዙሪያዋ ወባ እዚያው እንደሚተላለፍ አሳይቷል። ደጋ ነን ብሎ መዘናጋት ደግሞ ምን እንዳስከፈለን ታሪክ ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፣ 150 ሺህ ያህሉን ገደለ። ወባን ለምዶ የማያውቅ ሰው ነበር ያለቀው።

ለታሳሪው አጎበር ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ በር ላይ ጠይቅ። ሰፈርህ ውስጥ ውሃ ያቆረ ጎማና ጉድጓድ ካለ በየሳምንቱ ድፋው፣ ድፈነው፤ እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። በርሜልህንም ክደነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ባጠራቀመው ንጹህ ውሃ ላይ ነው የምትፈለፈለው። በ2022 ድሬዳዋን አሳይታታለች።