ማሳሰቢያ፦ ከሻንጣ ስለሚወጣው የአጥንት ክኒን

ይህ ማሳሰቢያ የወር አበባቸው ለተቋረጠ የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ እናቶች፣ እንዲሁም ከሩቅ አገር መድኃኒት ገዝተው ለሚልኩላቸው ልጆች የተጻፈ ነው። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በሳይንት ያላችሁም ይመለከታችኋል።

ደቡብ ወሎ ሴት ልጆቹን ለሥራ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኤምሬትስና ወደ ቤይሩት በብዛት ከሚልኩ የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። እዚያ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የአሠሪዋ እናት በማለዳ የምትውጠውን ክኒን ታያለች። «ለአጥንት ነው» ይሏታል። ማታ ወደ ቤት ስትደውል እናቷ «ወገቤ አላስቆም አለኝ» ትላታለች። ቀሪውን መገመት አያስቸግርም፤ መድኃኒቱ ይገዛል፣ ወደ አገር በሚመለስ ሰው ሻንጣ ከሽቶውና ከጨርቁ መሐል ይገባል፣ ተራራውን አቋርጦ እናት እጅ ይደርሳል። አወሳሰዱ ግን አብሮ አይደርስም። ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ዓረብኛና እንግሊዝኛ ነው፤ ውስጡ የታጠፈችው ወረቀትም እንዲሁ።

ክኒኑ ብዙ ጊዜ አሌንድሮኔት የሚባለው ነው፤ ፎሳማክስ በሚል የንግድ ስምም ይሸጣል። መጥፎ መድኃኒት እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። አጥንት ዕድሜ ልኩን በአንድ ወገን ሲፈርስ በሌላው ሲገነባ የሚኖር ነው። ሴት ልጅ ሳታርጥ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የሚያፈርሱትን ሴሎች ይገታል። በማረጥ ጊዜ ሆርሞኑ ሲወርድ አፍራሾቹ ያይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ከ5 እስከ 7 ዓመታት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ አጥንት ሊጠፋ ይችላል። አሌንድሮኔት እነዚህን ሴሎች ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ1996 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ቀድሞ የአከርካሪ አጥንታቸው በተሰበረ 2,027 ሴቶች ላይ ለ3 ዓመት ያህል ሞክሮት፣ አዲስ የአከርካሪም የዳሌም ስብራት በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪም መርምሮ ያዘዘላት እናት ይህን ጽሑፍ ሰምታ ደንግጣ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ።

አደጋው ያለው ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ ባለችው መንገድ ላይ ነው። ክኒኑ ተጣብቆ ከቀረ፣ ወይም ከጨጓራ ወደ ላይ ከተመለሰ፣ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ተፈቅዶ ብዙም ሳይቆይ፣ እስከ 1996 መጋቢት ገደማ በዓለም 475,000 ያህል ሰዎች እንደወሰዱት ሲገመት፣ በ199 ሰዎች ላይ የምግብ ቧንቧ ችግር መድረሱ ሪፖርት ተደርጎ ነበር፤ 51ዱ በጽኑ የተጎዱ ነበሩ። ከተጎዱት ብዙዎቹ በጥቂት ውኃ የዋጡ ወይም ውጠው ጋደም ያሉ ነበሩ። መድኃኒቱን በትክክል ለሚወስድ ሰው ይህ አደጋ በጣም ያነሰ ነው።

የእኛ አገር ልዩ ችግር ግን ቡናችን ነው። ጠዋት ጀበና ሳይጣድ ቀኑ አይጀመርም፤ ክኒንም ቢሆን በአቦሉ ማወራረድ የተለመደ ነው። ከተዋጠው አሌንድሮኔት ወደ ደም የሚገባው በባዶ ሆድና በንጹሕ ውኃ ሲወሰድ እንኳ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። በቡና ሲወሰድ ከዚያችው ጥቂት ላይ 60 በመቶ ያህሉ ይቀንሳል። ከምግብ ጋር ወይም ቁርስ ተበልቶ ሲወሰድ ደግሞ ጭራሽ አልገባም ማለት ይቻላል። ልጅቱ በላቧ የገዛችው መድኃኒት ጥቅም ሳይሰጥ ይወጣል፤ እናቲቱም «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብላ ተማምና ትቀመጣለች። በእኔ አስተያየት ከቁስለቱም በላይ ብዙ እናቶችን የሚጎዳው ይህኛው ነው፤ አያምምምና ማንም አያስተውለውም።

ስለዚህ ሐኪም ያዘዘላችሁ፣ ከእንቅልፍ እንደነቃችሁ ምንም ሳትቀምሱ፣ ክኒኑን በአንድ ሙሉ ትልቅ ብርጭቆ ተራ ውኃ ዋጡት። አምቦ ውኃ፣ ወተት፣ ሻይ፣ ጭማቂ አይሆንም። አይታኘክም፣ አይመጠጥም፣ አይፈጭም። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ቁሙ ወይም ተራመዱ እንጂ ጋደም አትበሉ፤ አፋችሁንም በምግብ፣ በቡናም ሆነ በሌላ መድኃኒት አትንኩ። የካልሲየም ክኒንም ካለ በዚህ ሰዓት አይወሰድም፤ ወደ ቀን ከምግብ ጋር ይሁን። ቁርስ ሳይበላ ተመልሶ መተኛት አይፈቀድም። ሱብሂ የምትሰግዱ፣ ወይም ጠዋት የምትሰግዱ ክርስቲያን እናቶች፣ ማጎንበስ ስላለበት ስግደታችሁን ጨርሳችሁ ብትወስዱት ይሻላል።

ስለ ጾም ብዙ ይጠየቃል። ጾሙን ላለመፍታት ሲባል ክኒኑን በምራቅ ወይም በአንድ ጉንጭ ውኃ መዋጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚያቆስለው እንዲህ ያለው አወሳሰድ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ እናቶች የክኒናችሁን ቀን ቅዳሜ ብታደርጉት፣ ከቀዳም ስዑር በቀር ቅዳሜ እህልና ውኃ ስለማይከለከል ያለ ችግር ይወሰዳል። በረመዳን ደግሞ ለሱሁር ትንሽ ቀደም ብሎ ተነስቶ፣ መጀመሪያ ክኒኑን በውኃ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ሱሁር። ከዚህ የተለየ ችግር ያለባት ሐኪሟንና የሃይማኖት አባቷን ታማክር።

በጣም አደገኛ የሆነ ሌላ ስሕተት አለ። 70 ሚሊግራም የሚለው ክኒን የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በየቀኑ የሚወሰደው 10 ሚሊግራሙ ነው። ማሸጊያው 4 ፍሬ ብቻ ከያዘ የወር መድኃኒት ነው፤ «ጠዋት ጠዋት» ተብሎ በ4 ቀን የሚያልቅ አይደለም። ቀኑን ላለመርሳት የገበያ ቀናችሁን ምልክት ብታደርጉት ጥሩ ነው። የተረሳ እንደሆነ በማግስቱ ጠዋት ይወሰድና ቀጣዩ በተለመደው ቀን ይሁን፤ በአንድ ቀን ሁለት ክኒን አይዋጥም።

መዋጥ የሚያስቸግራት፣ የምግብ ቧንቧዋ የጠበበ፣ ለ30 ደቂቃ ቀና ብላ መቀመጥ የማትችል፣ የኩላሊት ድካም ያለባት፣ በደሟ ውስጥ ካልሲየም ያነሰባት ይህን ክኒን አትውሰድ። ጨጓራዋን የሚያማት መጀመሪያ ትመርመር። ክኒኑን ጀምራ ስትውጥ የሚያማት፣ ደረቷን የሚያቃጥላት እናት ሌላ ፍሬ ሳትጨምር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ለጎረቤት ማካፈልም አይገባም፤ መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ገና ልትወልድ ለምትችል ልጅ መስጠት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ወገብና ጉልበት የሚያማት ሁሉ አጥንቷ የሳሳ አይደለችም። የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ድረስ አያምም። የጉልበት ቁርጥማት በአብዛኛው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ አሌንድሮኔት አይፈውሰውም። የማይለቅ የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር ከመጣ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና በአጥንት ክኒን ማስታገስ በሽታውን ማባባስ ነው። የአጥንት መሳሳት የሚጠረጠረው ቁመት ሲያጥር፣ ጀርባ ሲጎብጥ፣ ከቆሙበት በመውደቅ ብቻ የእጅ አንጓ ወይም ዳሌ ሲሰበር ነው። የአጥንትን ጥንካሬ የሚለካው መሣሪያ በየወረዳው ባይኖርም፣ እንዲህ ያለ ስብራትና ራጅ ለሐኪም ብዙ ይነግሩታል።

ከክኒኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው መርፌ ነው። ዴኖሱማብ ይባላል፤ ፕሮሊያ በሚል ስም ይታወቃል፤ በየ6 ወሩ 60 ሚሊግራም ይወጋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ መቀመጥ ያለበት ሲሆን፣ በሻንጣ ከዓረብ አገር እስከ ቦረና ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዋናው ግን ሌላ ነው፤ ይህ መርፌ ከተጀመረ በኋላ ተረክቦት የሚቀጥል ሌላ መድኃኒት ሳይተካ ከተቋረጠ፣ የተገኘው አጥንት በፍጥነት ይጠፋል፤ የአከርካሪ አጥንቶች በአንድ ጊዜ ብዙ ሆነው ሊሰበሩ ይችላሉ። መንገድ ተዘግቶ፣ ላኪዋ ልጅ ሥራዋን ለቃ፣ ብር ጠፍቶ መርፌው ከዘገየ ከጅምሩ ካለመወጋት የባሰ ሊሆን ነው። የኩላሊት ሕመም ለጸናባቸው ሴቶች ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም እስከ ሞት ሊያወርድ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከሁሉ የጠበቀ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ቀጣዩን መርፌ ማን፣ ከየት፣ መቼ እንደሚያመጣ ሳታረጋግጡ የመጀመሪያውን አትወጉ።

ጥርስ ለማስነቀል ያሰበች እናት የአጥንት መድኃኒት እንደምትወስድ ለሐኪሙ ትናገር፤ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት ቁስሉ አልሽር ሊል ይችላል። ጭን ወይም ብሽሽት ላይ ያልታወቀ ሕመም ከመጣም እንዲሁ። አሌንድሮኔትን ለ5 ዓመት ያህል የወሰደች «ልቀጥል ወይስ ልረፍ?» ብላ መጠየቅ አለባት፤ ለዘላለም የሚወሰድ አይደለም።

ሳይታወቅ አጥንት የሚያሳሱም መድኃኒቶች አሉ። ለቁርጥማት እየተባለ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ፕሬድኒሶሎን ዋነኛው ነው፤ ለ3 ወር ያህል የተወሰደ እንደሆነ አጥንት ይበላል። ሆኖም ለወራት የወሰደችው በአንድ ቀን አታቁመው፤ ያለ ሐኪም ማቋረጡ ራሱ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይንም አጥንትን ይጎዳሉ። እነዚህን ለዓመታት የወሰደች እናት ለሐኪሟ ትንገር።

ወጌሻን በተመለከተ አጭር ቃል፦ አጥንቷ የሳሳን እናት ጀርባ ማሸት፣ መጫንና መዘርጋት ሌላ ስብራት ይጨምራል። እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ታስሮ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እሥሩ ወዲያው ይፈታና ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።

በየሣጥናችሁ ያለውን የአጥንት መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ሂዱና ለፋርማሲ ባለሙያው አሳዩ፤ ሐኪም ካላወቀው እስኪያውቀው ድረስ አትጀምሩት። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም ከመግዛታችሁ በፊት የእናታችሁን የሐኪም ማዘዣ በስልክ ፎቶ አስልኩ፤ ማዘዣ ከሌለ ገንዘቡን ለምርመራዋ ላኩላት። መድኃኒቱ ያደረሰው ጉዳት ካለ ወይም ሐሰተኛ መስሎ ከታያችሁ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መሥመር 8482 ደውላችሁ አሳውቁ።