የመልክዐ ምድርን ትምህርት በእግር ስለ መማር

የመልክዐ ምድር ትምህርት ለአንድ አገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለሹማምንትም ሆነ ለካህናት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግብር የሚጣለው፥ መንገድ የሚቀየሰው፥ ደብርም የሚተከለው በምድር ላይ ነውና። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በብዙ ስፍራ ከሰሌዳና ከመጽሐፍ ሳይወጣ ይቀራል። ተማሪው የሩቅ አገር ወንዞችን ስም በቃሉ ይወጣል፤ በደጁ ያለው ተዳፋት ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን ሳያውቅ ትምህርቱን ይፈጽማል።

ይህ ጉድለት በኮቸሬ ወረዳ በጨለለቅቱ ያለ ተማሪ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ያሳዝናል። ከዲላ በስተ ደቡብ፥ ከይርጋ ጨፌ ወዲያ ያለው ይህ አገር ራሱ የተገለጠ መጽሐፍ ነው። በጌዴኦ ተዳፋት ላይ ታላላቅ ዛፎች እንሰትን ይጋርዳሉ፤ ከዚያም በታች ቡና ይበቅላል፤ በተራሮቹ ጫፍ ጥንታውያን የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተደረገው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ ሊለካውና ሊጽፈው ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም፤ የአገሩ ልጅ ግን የእንግዳው ዕቃ ተሸካሚ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋል።

መጽሐፍ ብቻውን እንደማይበቃ ለማወቅ አንድ በትር ይበቃል። በአውሮፓ የተጻፈ መጽሐፍ የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ያመለክታል ይላል፤ ለጸሐፊው አገር እውነት ነው። ጨለለቅቱ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ያለች ናትና በታኅሣሥ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን፥ በሰኔ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ገደማ ደግሞ ከበትሩ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ሰዓት ያውቁ ለነበሩት ሊቃውንት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲያውም በዚህ ነገር የደብሩ መሪጌታ ለትምህርት ቤቱ መምህር ረዳት ቢሆን ለሁለቱም ክብር ነው።

መሣሪያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪው በገመድ 100 ሜትር ለክቶ ሦስት ጊዜ ይመላለስበት፤ እርምጃውን ቈጥሮ አማካዩን ይያዝ። ሽቅብ ሲወጣና ቁልቁል ሲወርድ እርምጃው ልዩ ልዩ ስለሆነ ለየብቻ ይቈጥር። የማዕዘን መለኪያ ላይ ክርና ትንሽ ድንጋይ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቢያንጠለጥል፥ በቀጥታው ጠርዝ በኩል ቁመቱ ከእርሱ ጋር የተካከለ ጓደኛውን ዓይን ቢያነጣጥር፥ ክሩ ከ90 የራቀበት ቍጥር የተዳፋቱ ማዕዘን ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት 100 ሜትር የሄደ ሰው በካርታ ላይ የሄደው 87 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ያልተረዳ ቀያሽ በጎረቤታሞች መካከል የድንበር ክርክር ይጭራል። ኮምፓስ ያለው ተማሪም ገጀራና ቆርቆሮ ካለበት ይራቅ። በእጅ ስልክ ቦታን ማወቅ ዛሬ ቀላል ሆኗል፤ ነገር ግን በዛፍ ጥላና በገደል ሥር ስልኩም ይሳሳታልና በእርምጃ ይመርመር።

ዝናብን ለመለካት ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ይበቃል። አንዱ በሜዳ፥ ሌላው ከዛፉ ሥር ተቀምጦ በየማለዳው በአንድ ሰዓት ቢነበብ የዛፉ ቅጠል ስንቱን ዝናብ እንደሚያስቀር ይታያል። የመሬት ስንጥቅ፥ የዘመመ ዛፍ፥ ባልነበረበት የፈለቀ ውሃም ከነቀኑ ይጻፍ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የተናደው ተራራ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ አስቀድሞ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። ማዕዘን ስለ ተለካ ተራራ ከመናድ አይቆምም፤ ሆኖም በየዓመቱ የተጻፈ ቍጥር ያለው ወረዳ ቤት የሚሠራበትን ስፍራ ሲመርጥ በግምት አይሄድም።

ከሁሉ የሚከብደው ሰውን መጠየቅ ነው። ተማሪ ወደ ሰው ማሳ ሳያስፈቅድ አይግባ፤ ወደ ተከበሩት ደኖችና ወደ ሐውልቶቹም በሶንጎ ሽማግሌዎች ፈቃድ ይሂድ። ጥያቄውን በጌዴኦኛ ያቅርብ፤ መልሱን በሽማግሌው አፍ አያስቀምጥ። ያየውንና የሰማውን በልዩ ልዩ ገጽ ይጻፍ፤ ዝናብ ቀለምን ያጠፋልና በእርሳስ ይጻፍ፤ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ይሰርዝ እንጂ አይፋቅ። ጫማው እንዲጨቀይ የማይወድ መምህር ይህን ሊያስተምር አይችልም።

ስለዚህ የወረዳው ሹማምንት ከሳምንቱ አንዱን ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ ቢፈቅዱ፥ ከዲላ ዩኒቨርሲቲም የትምህርቱ ዐዋቂዎች በክረምት እየመጡ መምህራኑን ቢያለማምዱ ይገባል። የተማሪዎቹም ደብተሮች በየዓመቱ ሲያልቁ ለመጠቅለያ እንዳይሸጡ በወረዳው መዝገብ ቤት ይቀመጡ።