ሰልፉን ወደ ሐዲዱ

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች ሆይ!

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንተዋወቃለን። ስም ለስም ባንጠራራም በጀርባ እንተዋወቃለን፤ ሰልፍ ላይ የሚታየው የሰው ጀርባ ነውና። ለሆስፒታል ቀጠሮ ነጠላቸውን ተከናንበው የወጡት እናት፣ ቱታው በኖራ የነጣው ግንበኛ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ያቀፈችው ተማሪ፣ ሳይረፍድበት መፈረም ያለበት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁላችንም እዚያው ነን። ከሰበታና ከዓለም ገና ወደ አየር ጤና፣ ከቡራዩ ወደ ዊንጌት፣ ከሱሉልታ ውርጭ እንጦጦን ተሻግረን ወደ አዲሱ ገበያ። መንገዱ ሦስት ቢሆንም ጠዋቱ አንድ ነው። ሚኒባሱ ብቅ ሲል ያ በብርድ የተጠበቀ ሰልፍ ባንድ አፍታ ይፈርሳል። ጉልበት ያለው ይገባል፤ እናቲቱ ይቀራሉ። ረዳቱም ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አራተኛውን እያስጠጋ «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል።

የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ እንደሚፈቱት እኛም ሰልፍን እንፍታው። ሰልፍ ተራ መጠበቅ ነው። አንድም ሰልፍ ተባብሮ መጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ትርጉም ስንት ክረምት እንደቆምን እግራችን ያውቃል። ዛሬ የምጠራችሁ ወደ ሁለተኛው ነው። መንገድ ዝጉ፣ ድንጋይ አንሱ አልልም። ስም፣ ቁጥርና ፊርማ ይዘን በቢሮ በር እንድንቆም ነው የምጠራችሁ።

የመጣውን ባቡር መጠበቅ

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። አያቶቻችን ባቡር እስኪመጣላቸው 23 ዓመት ጠበቁ። የእኛ ጉድ ግን ሌላ ነው፤ የምንጠብቀው የመጣውን ባቡር ነው።

ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው፣ 750 ኪሎ ሜትር ግድም የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ጫፉ ሰበታ ነው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በፉሪ ለቡ ጣቢያ ተመረቀ፤ ታህሳስ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው 115 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ክፍል ደግሞ ድርብ ሐዲድ ነው፤ አንዱ ባቡር ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ መንገድ ልቀቅልኝ መባባል የለም። የተሳፋሪው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ሆኖ ነው የተነደፈው። እንግዲህ ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተወጥሯል፣ ጣቢያው ተሠርቷል። የተሳፋሪው ባቡር ግን ከፉሪ ለቡ ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ የሩቅ አገር ባቡር ነው። የሰበታን ሰው ጠዋት አስገብቶ ማታ የሚመልስ ባቡር የለንም። ሠርጉ ደጃችን ተደግሶ እኛ ከአጥር ውጭ ሆነን ጭሱን እናሸታለን።

«መስመሩ ለጭነት የተሠራ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት አለው፤ የአገር ገቢና ወጪ ዕቃ በዚያ ላይ ይመላለሳል። ነገር ግን አብዛኛው ኮንቴይነር የሚወርደው ሞጆና እንዶዴ ላይ ነው፤ ወደ ሰበታ ያለው ጫፍ ከሁሉ የቀለለው ነው። ደግሞስ ዳሬሰላም ምን አደረገች? በ2005 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት የከተማ ባቡር ስትጀምር ለሠራተኛው ብላ አዲስ ሐዲድ አላነጠፈችም። ለጭነትና ለሩቅ መንገድ የተሠሩትን አሮጌ መስመሮች፣ ታዛራ የሚባለውን የታንዛኒያና የዛምቢያ መስመር ጨምሮ፣ ሠራተኛ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ከፈተች። ሕዝቡም ባቡሩን በዚያ ጊዜ በነበሩት የትራንስፖርት ሚኒስትር ስም «የምዋክዬምቤ ባቡር» ብሎ ጠራው። ስሙ በሕዝብ አፍ እንዲቀር የሚሻ ሹም ካለ መንገዱ ይኸውና።

ቡራዩና ሱሉልታስ?

«እኛ ሐዲድ የለንም፤ ይህ የሰበታ ጉዳይ ነው» እንዳትሉ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። አንድ ከተማ ከተባልን አንድ ሰልፍ እንሁን።

እንጦጦን በባቡር መሻገር ቀላል ሥራ ስላልሆነ ሱሉልታን «ነገ ሐዲድ ይመጣልሻል» ብዬ አልሸነግላትም። ነገር ግን ባቡርን ባቡር የሚያደርገው ሐዲዱ ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። የእኛ ሚኒባስ ሕጉ አንድ ነው፤ ሲሞላ ይነሳል። ባቡር ግን ሞላም ጎደለም ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል። ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሰው የሁለቱን ልዩነት አያየውም፤ ልጁን ከትምህርት ቤት በሰዓቱ መቀበል ያለበት ወላጅ ግን ያየዋል። ስለዚህ ከቡራዩ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከሱሉልታ እስከ ምኒልክ አደባባይ ሰዓቱን የሚያከብር አውቶቡስ እንጠይቅ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ጦር ኃይሎች ላይ፣ የሰሜን ደቡቡ ምኒልክ አደባባይ ላይ ነው የሚያበቁት። አውቶቡሱና ባቡሩ በሰዓት ከተገናኙ ከቡራዩ የተነሳ ሰው አያት ድረስ በሁለት ትኬት ይደርሳል።

ቀላል ባቡሩ ሌላም ትምህርት ሰጥቶናል። 41 ባቡር ይዞ የጀመረ ሥራ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹን አቁሞ፣ ተሳፋሪውን በጥቂቶቹ ሲያጨናንቅ አይተናል። ስለዚህ ባቡር ስንጠይቅ ከነጥገናው እንጠይቅ፤ በሬ ሲገዛ ድርቆሹም ይታሰባል።

እናንተ የታክሲ ሾፌሮችና ባለንብረቶች፣ ይህ ጥሪ እንጀራችሁን ለመንጠቅ የመጣ አይምሰላችሁ። የባቡር ጣቢያዎቹ ከየከተማው መሐል የራቁ ናቸው፤ ሰውን ከጣቢያ ወደ ቤቱ የሚያደርስ ታክሲና ባጃጅ ከሌለ ባቡሩ ባዶውን ይመላለሳል። ረጅሙን መንገድ ለባቡር ለቃችሁ አጭሩን ደጋግማችሁ ሥሩ፤ ነዳጃችሁም ጎማችሁም ያመሰግናችኋል።

ቅዳሜና እሁድ

«ቅዳሜና እሁድ ሰው ያርፋል» ብሎ ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው እኛን አያውቅም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራው የፋብሪካ ሠራተኛ እኩለ ቀን ላይ ይወጣል፤ የማታ ባቡር ምን ያደርግለታል? ነጋዴዋ መርካቶ ወርዳ ዕቃዋን ይዛ ትመለሳለች። የቅዳሜና እሁድ ተማሪው ፈተና አለበት። እሁድ ቅዳሴ አለ፣ የእድር ስብሰባ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ። በመስከረም ማብቂያ ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ፣ በታህሳስ 19 ወደ ቁልቢ የሚተመው ሕዝብስ? ሁለቱም በዚሁ ሐዲድ አቅጣጫ ናቸው። ከአዲስ አበባም ወደ እኛ፣ ወደ ሱባ ደን ንጹሕ አየር ሊቀበል የሚመጣ ቤተሰብ አለ።

ለመነጋገሪያ ይሁን ብዬ አንድ ሰሌዳ ላስቀምጥ። በሥራ ቀን ከሰበታ 11:30፣ 12:15 እና 1:00 ሰዓት ጠዋት፤ ከፉሪ ለቡ መልስ 11:15፣ 12:00 እና 1:00 ሰዓት፣ የመጨረሻው ደግሞ ከምሽቱ 2:30። ቅዳሜ በነዚህ ላይ የቀትር 6:30 እና 8:00 ይጨመር። እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ፤ ከነዚህም አንዱ 2 ሰዓት ላይ እስከ ቢሾፍቱ ሄዶ 11 ሰዓት ላይ ይመለስ። ለበዓል ዋዜማ የተለየ ሰሌዳ ይውጣ። ሰሌዳው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በየጣቢያው፣ በየወረዳው ቢሮና በየቤተ እምነቱ በር ይለጠፍ። ባቡር ከዘገየም ምክንያቱ ሳይደበቅ ይነገረን። ይህ ሰሌዳ ካልተመቻችሁ የተሻለውን ጻፉ፤ ባዶ ወረቀት ግን ይዘን አንሂድ።

ኖር!

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ መብቱን የሚጠይቅ ሰው ምግባሩንም ያሰናዳልና። ባቡሩ ነገ ቢመጣ የሚሳፈሩት የዛሬዎቹ እኛው ነን። የታክሲውን ግፊያ ወደ ፉርጎው ይዘን ከገባን ግፊያውን ማስረዘም እንጂ ሌላ ያተረፍነው የለም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምረን በታክሲውም በአውቶቡሱም እንለማመድ። ወራጅ ይቅደም፤ የወጣ ሰው የለቀቀውን ቦታ የሚገባው ያገኘዋል። በር ላይ ተተክለን «ጠጋ በሉ» እስክንባል አንጠብቅ። በቦርሳ ወንበር ይዘን «ሰው አለበት» አንበል፤ ወንበሩ የሚገባው ለቆመው ሰው ነው። ስልካችን በድምፅ ማጉያ ሲጮኽ የጎረቤታችንን እንቅልፍ እንደሰረቅን እንወቅ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሰው እንቅልፉ ሀብቱ ነው። የሙዝ ልጣጭ፣ ሶፍትና የጫት ገረባ ወለል ላይ አይጣል። ሴት ልጅ በግፊያ ተሳቦ ስትነካካ ዓይናችንን ወደ መስኮት አንመልስ፤ አንድ ሰው «ተው!» ሲል ሌላው ይከተለው። ትኬት ሳይቆርጥ የገባም ነገ የጥገናውን ገንዘብ የበላ መሆኑን ይወቅ።

ደግሞ አንድ የተውነው ቃል አለን። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ ብሎ «ኖር!» ማለት፤ እሳቸውም «በእግዜር!» ብለው መመለስ። ይህን ያህል ያማረ የተሳፋሪ ሥርዓት ከየት አገር እናመጣለን? ለአረጋዊ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ልጅ ላዘለች እናት እንነሳ። ሰበታ የመርሃ ዕውራን ትምህርት ቤት ከተማ ናት፤ ነጭ በትር የያዘ ተማሪ ሲገባ መንገድ የሚለቅ፣ የሚደርስበትን ጣቢያ ስም ጮክ ብሎ የሚነግር ሕዝብ መሆን ለእኛ አዲስ አይደለም።

ሐዲዱንም እንጠብቀው። ብሎን ፈትቶ፣ ሽቦ ቆርጦ ለቆራሌው የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው የእኛን ጠዋት ነው። ከብት የሚያግድ ልጅ ሐዲድ ላይ እንዳይውል የሰፈር ሽማግሌዎች ይምከሩበት፤ ከላይ የተወጠረው ሽቦ 25,000 ቮልት ነው፣ ቀልድ አያውቅም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንቆጠር። «ተሳፋሪ የለም» የሚል መልስ እንዳይሰጠን መልሱን ቀድመን እንያዝ። እያንዳንዱ እድር ሁለት ወጣት ይምረጥ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማክሰኞ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ በሰበታ፣ በዓለም ገና፣ በቡራዩ፣ በአሸዋ ሜዳና በሱሉልታ መሳፈሪያዎች ቆመው ይመዝግቡ፤ ስንት ሰው ተሰለፈ፣ ስንት ደቂቃ ጠበቀ፣ ስንት ብር ከፈለ፣ ወዴት ይሄዳል። ስም አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይበቃናል።

ሁለተኛ፣ እንፈርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት ተጽፎልናል። ቁጥሩንና የሰሌዳውን ሐሳብ አያይዘን በአንድ ደብዳቤ ለኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር አክሲዮን ማኅበር፣ ለሸገር ከተማ አስተዳደር፣ ለአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮና ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር እንስጥ። አስፋልቱ አንድ ሆኖ ታፔላ የሚሰጠው ቢሮ ሁለት ስለሆነ፣ አንዱ ወደ ሌላው እንዳይጠቁም ደብዳቤው ለሁሉም በአንድ ቀን ይድረስ። የምንጠይቀውም ትንሽ ነው፤ በሦስት ወር ሙከራ፣ በቀን ጥቂት ባቡር፣ በታወቀ ሰዓት።

ሦስተኛ፣ የሙከራው ባቡር ሲመጣ እንሳፈር። ጠይቆ የሚቀር እንግዳ ደጋሹን ያሳፍራል። ባቡሩ ባዶውን ከሄደ ለሃያ ዓመት ሁለተኛ የሚሰማን የለም።

ገበሬ አባቶቻችን እህሉ እየረገፈ ሲመጣ ደቦ ይጠራሉ፤ ማጭዱን ግን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። የእኛም ደቦ እንዲሁ ነው። እንግዲህ ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በየመሳፈሪያችን እንገናኝ። ያው የለመድነው ቦታ፣ ያው የለመድነው ብርድ ነው፤ ጀርባ ለጀርባ መተዋወቁ ግን በቅቶናል። ዞር ብለን ከኋላችን ለቆመው ሰው ሰላምታ እንስጥ፤ ነጠላ ለተከናነቡት እናት የፊተኛውን ቦታ እንልቀቅ።

እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ኑ።