ባለቤቱ ሲዛወር ውሻው የት ይገባል?

ሚዛን ተፈሪ ላይ ዕቃ የጫነ አይሱዙ ከተከራይ ግቢ ሲወጣ ማየት ብርቅ አይደለም። አልጋው ተፈታቷል፣ ፍራሹ ተጠቅልሏል፣ ጀሪካኑና የከሰል ምድጃው በገመድ ታስረው ሸራ ለብሰዋል፤ በዚያ አገር ዝናቡ ቀጠሮ አይሰጥማ። ጎረቤት ተሳስሞ ይለያያል፣ መኪናው ይነሳል። ውሻው እስከ አስፋልቱ ድረስ ይከተላል። ሲደክመው ይመለስና የተቆለፈው በር ሥር፣ ጫማ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ላይ አፍንጫውን አሳርፎ ይተኛል። እንጀራ ቢወረወርለት ቀና ብሎ ያየዋል እንጂ አይነሳም። የሰው ኮቴ ሲሰማ ግን ጆሮው ይቆማል።

“ለአከራዬ ትቼዋለሁ” ይላል የሄደው ሰው። አከራዩ ግን ስለ ውሻው የሰሙት ቁልፍ ሲረከቡ ነው።

ደቡብ ምዕራብ ሰው የሚመጣበትና የሚሄድበት አገር ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መምህሩም ተማሪውም ከየአቅጣጫው ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ስላከፋፈለ የመንግሥት ሠራተኛውም በነዚህ ከተሞች መካከል ይመላለሳል። በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ደግሞ ቡናው ሲቀላ የሚመጣው ለቃሚ፣ ለቀማው ሲያልቅ ይበተናል። አዲስ መጤ ቤት ሲከራይ ከጎረቤት አንድ ቡችላ ይለምናል። ቡችላው አድጎ ሌሊት ግቢውን ይጠብቃል፤ ገጠር ከሆነም በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ያስጥላል። ለእነዚህ ቤተሰቦች ውሻ ጌጥ አይደለም፤ ሥራ ያለው የቤት አባል ነው። ለዚህ ነው ጥሎት መሄድ የሚያሳዝነው።

ውሻውን ይዞ መሄድ ለብዙዎች ከአቅም በላይ መሆኑ እውነት ነው። ከሚዛን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ውሻ የሚያሳፍር አውቶብስ ማግኘትም ከባድ ነው። ስለዚህ ለሌላ ሰው መስጠት ነውር የለውም። ነውሩ ሳይሰጡ “ሰጠሁ” ማለት ነው። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ብለው የሚጽናኑ አሉ፤ ግን ማን ያበላዋል? የሚያበላው ያጣ ውሻ ሉካንዳ ቤት ደጃፍና ገበያ ዳር ይውላል። እዚያም ከሌሎች ጋር ይናከሳል፣ ይራባል፣ ሕፃናት በድንጋይ ያባርሩታል። በአገራችን ከተሞች እንዲህ ያሉ ውሾች ሲበዙ ለረጅም ዘመን የተለመደው መላ የተመረዘ ሥጋ መጣል ነበር። ከዓመት በፊት በስሙ ይጠራ የነበረ ውሻ በዚያ ሥጋ ይሞት ነበር።

ነገሩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በታመመ ውሻ የተነከሰ ውሻ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ጤነኛ መስሎ ይቆያል። እናም ያልተከተበ ውሻን ከአንድ መንደር ወደ ሌላ መውሰድ በሽታውንም አብሮ መውሰድ ሊሆን ይችላል። በሽታው ከውሻ ወደ ሌላ እንስሳ ሲዛመት ምን እንደሚያደርስ ባሌ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ኋላም በ2003 ከአካባቢው ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ፣ በዓለም ላይ ቁጥራቸው 500 ገደማ ብቻ ከሆነው ቀይ ቀበሮዎች መካከል ብዙዎቹን ፈጅቷል።

ታዲያ ውሻ እንዴት ይሰጣል? መነሻው የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ከ3 ወር ዕድሜ በላይ ያለ ውሻ ይከተባል፤ ክትባቱ ሙሉ ኃይል እስኪያገኝ ግን አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። ዕቃ በሚጫንበት ዋዜማ የሚደረግ ሩጫ ለዚህ አይሆንም። ሴት ከሆነች የማምከን አገልግሎት መኖሩን መጠየቅ ይገባል፤ ካልሆነ ተቀባዩ በጥቂት ወራት ውስጥ የስድስት ቡችሎች ባለቤት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የተቀባዩን ግቢ ሄዶ ማየት ነው። አጥር አለው? ከዝናብ የሚያስጠልል ጥግስ? የቤቱ ሰው በሙሉ ተስማምቷል? አባትየው ፈልጎ እናትየው ውሻ የማትወድ ከሆነች፣ ወይም የቤቱ ልማድ ውሻን ግቢ የማያስገባ ከሆነ፣ ውሻው በሳምንቱ መንገድ ላይ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ እውነቱን መናገር ነው። ዶሮ የሚያሳድድ ውሻን “ጨዋ ነው” ብሎ ማስረከብ፣ ሕፃን የነከሰን ውሻ ልጆች ላሉበት ቤት መስጠት ክህደት ነው። ተቀባዩ ስሙን፣ የሚበላውን፣ የሚፈራውን ማወቅ አለበት፤ የክትባት ካርዱም በእጁ ይግባ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሻው ወደ ድሮው ቤት ለመመለስ ሊሞክር ይችላል። አዲሱ ባለቤት ግቢውን ዘግቶ፣ በእጁ እያበላ፣ በስሙ እየጠራ ሊያቆየው ይገባል። የቀድሞው ባለቤት ከመሄዱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞት ቢመላለስ፣ ይተኛበት የነበረውን ጆንያም ቢተውለት ትልቅ እገዛ ነው። ከሄደ በኋላም ስልክ ደውሎ “እንዴት ሆነ?” ማለት አያቅተውም።

እንግዲህ ሚዛን፣ ቴፒ ወይም ቦንጋ ሆነው የዝውውር ደብዳቤ የሚጠብቁ ካሉ ደብዳቤው እስኪደርስ አይጠብቁ። ውሻዎን በዚህ ሳምንት ያስከትቡት፤ የሚወስደውንም ሰው ከአሁኑ ይፈልጉለት።