ቡራኬ ብቻውን አይበቃም

ፐርል በሚጽፉ ተማሪዎች መካከል አንድ መፈክር ይዘወተራል፤ ይኸውም «ፐርል ነጻ ቋንቋ ነው፤ ሁሉም ኦብጀክቱን እንደ ወደደ ይሥራው» የሚል ነው። መፈክሩ ለጆሮ ይጣፍጣል። ነገር ግን ለብቻ በሚጻፍ ፕሮግራም ነጻነት የሆነው ነገር፣ ብዙ ሰው በሚካፈለው ሥራ ላይ ሲመጣ በሌላው ትከሻ ላይ የሚወድቅ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፣ በጋራ የምንጽፈው የፐርል ፕሮግራም አንድ የኦብጀክት አሠራር ይኑረው፤ ያም አሠራር «ሙ» የተባለው ሞጁል ይሁን እላለሁ። ምክንያቴን ስሙኝና ፍረዱ።

ላሪ ዎል ፐርልን ያወጣው በ1987 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኦብጀክት የመጣው በ1994 ከወጣው ከፐርል 5 ጋር ነው። የተሰጠን መሣሪያም እጅግ ጥቂት ነበር፤ አንድ ዳታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሀሽ፣ «ብሌስ» በሚባል ትእዛዝ ይባረክና ከአንድ ፓኬጅ ጋር ይተሳሰራል። ከቡራኬው በኋላ ያለውን፣ ማለት ኮንስትራክተሩን፣ ዋጋ ማንበቢያውንና መቈጣጠሪያውን ሁሉ ጸሐፊው በገዛ እጁ ይሠራዋል። እንግዲህ አሥር ጸሐፊ ካለ አሥር ዓይነት አሠራር አለ ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ጎዳ?» የሚል ይኖራል። የአንድ ማኅበር የመዋጮ መዝገብ በዚህ መንገድ ተጽፎአል እንበል። የቀሪው ሒሳብ ቁልፍ «ቀሪ» ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ተማሪ ሲቸኩል «ቀር» ብሎ ጻፈው። ፐርል ምን ያደርጋል? «ስትሪክት» ቢታዘዝ እንኳ የሀሽ ቁልፍን ፊደል አይመረምርም። ባዶ ዋጋ ይመልሳል፤ ባዶውም በሒሳብ ላይ እንደ ዜሮ ይቈጠራል። ማስጠንቀቂያ ተከፍቶ ከሆነ አንድ መስመር አጉረምርሞ ሥራውን ይቀጥላል፤ ካልተከፈተ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። የሰው ገንዘብ በአንዲት ፊደል ግድፈት ሲጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? ጸሐፊው ተመርቆ ሄዶአል፤ መልስ የሚሰጠው ኮዱን የወረሰው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለምን?

በሙ የተጻፈ ክላስ ግን እያንዳንዱን መስክ በአንድ መስመር ያስታውቃል፤ ግዴታ ነው ወይስ አይደለም፣ ከተሠራ በኋላ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም፣ ምን ዓይነት ዋጋ ይቀበላል የሚለው ሁሉ በግልጥ ይጻፋል። መስኩ የሚነበበው በሜተድ ስለ ሆነ፣ ስሙ ሲሳሳት ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ሜተድ የለም» ብሎ እዚያው ይቆማል። ጮኾ የሚወድቅ ፕሮግራም ዝም ብሎ ከሚዋሽ ፕሮግራም ይሻላል።

የ«ሙስ» ወዳጆች ይቈጡ ይሆናል። ስቲቨን ሊትል በ2006 ያወጣው ሙስ ለሙ መንገድ የጠረገ ትልቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ሲነሣ ይዘገያል፤ ብዙ ሌሎች ሞጁሎችን ያስከትላል፤ ለመጫንም የሲ ኮምፓይለር ይፈልጋል። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ሲሄድ ለሚያመሽ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙ የሚያስከትላቸው ሞጁሎች ጥቂቶች ናቸው፤ ያለ ኮምፓይለርም ይጫናል። ነገ ሙስ ቢያስፈልግ እንኳ የሙስ ክላስ ከሙ ክላስ ሊወርስ ስለሚችል የተጻፈው አይጣልም።

ሌሎች ደግሞ «አዲሱ ክላስ በቋንቋው ውስጥ ገብቶ የለምን? ምን ሞጁል ያስፈልጋል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ በ2023 በወጣው ፐርል 5.38 ገብቶአል። መስኮቹም እንደ ተራ ተለዋዋጭ ስለሚታወጁ የፊደሉን ስሕተት ፕሮግራሙ ሳይነሣ ይይዛል፤ በዚህ ከሙም ይበልጣል። ነገር ግን በ2025 በወጣው በ5.42ም ቢሆን ገና «በሙከራ ላይ» ተብሎ የተመዘገበ ነው። በአሮጌው ቡራኬ ከተሠራ ክላስ መውረስ አይችልም፤ ሙ የሚቀበላቸውን «ሮል» የሚባሉትንም እስካሁን አልያዘም። ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው ፐርል ደግሞ 5.34 ስለ ሆነ ከነአካቴው አያውቀውም። ለብቻችን እንሞክረው፣ እንማረው፤ የጋራ መዝገብ ግን የሙከራ ሜዳ አይደለም።

ሙ እንከን የለውም አላልሁም። ከሥሩ ያው የተባረከ ሀሽ ነው፤ እጁን ሰዶ ውስጡን የሚነካካን ሰው አያስቆምም። የማያውቀው ስም ለኮንስትራክተሩ ቢሰጠውም ሌላ ሞጁል ካልታከለበት በዝምታ ያልፈዋል። ስለዚህ ከሞጁሉ ጋር ደንብ ያስፈልጋል።

የምጠይቀውም ይህን ነው። አንደኛ፣ ማናቸውም የጋራ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኦብጀክቱ አሠራር በስብሰባ ተወስኖ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የሌላውን ኦብጀክት ሀሽ በቀጥታ የሚነካ ኮድ አይግባ። ሦስተኛ፣ ብሌስን ሁላችንም እንማር፤ ሙም ቢሆን በውስጡ የሚሠራው በእርሱ ነውና፤ ነገር ግን ማወቅና በሰው ገንዘብ ላይ መራቀቅ አንድ አይደሉም።

አንድን ነገር ለመሥራት መንገዱ ከአንድ በላይ ነው የሚለው የፐርል ሰዎች መፈክር መልካም ነው። መንገዱ ብዙ መሆኑ ግን በአንድ ጋሪ የተጫኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው ወደየፊናቸው እንዲጎትቱ አያዝም። መንገዱን አብረን እንምረጥ፤ ከመረጥን በኋላ አብረን እንሂድ!